ቀዩን ነጥብ ይርገጡ

ሰኞ፣ ማርች 4

ዱዌይን ዛሬ ቢሮው አስጠርቶኝ ወንበር ሳበልኝ። ርዕሰ መምህር ወንበር ከሳበልሽ ነገር አለ ማለት ነው። ቀጥሎ "ሚስስ ብሬነር፣ ውሃ ላምጣልዎት?" ሲለኝ በሆዴ አለቀልሽ ቨርና አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስምንተኛና የአሥራ አንደኛ ክፍል የአሜሪካ ታሪክ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ በኮምፒውተር ይሰጥ ብሎ ለትምህርት ቦርዱ ሐሳብ አቅርቧል። ልጆቹ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው ስክሪኑ ላይ ያፈጣሉ፤ ማሽኑ ይጠይቃል፣ ማሽኑ ያርማል፣ ማሽኑ ማርክ ይሰጣል። "እርስዎ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ሆነው ይከታተላሉ" አለኝ። ምኑን? አልኩት። "ያው... ኮምፒውተሮቹ መሰካታቸውን።"

ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ አስተምሬ በመጨረሻ የሶኬት ዘበኛ!

ደግሞ ይህን የሚለኝ ማን ሆነና ነው? ዱዌይን ፌልፕስ! ስምንተኛ ክፍል ራሴ ያስተማርኩት። "የቦስተን ሰዎች ሻዩን ባሕር ውስጥ የጣሉት ለምንድን ነው?" ለሚለው ጥያቄ "ስለቀዘቀዘባቸው" ብሎ የጻፈው። ያኔ ስላሳቀኝ ግማሽ ማርክ ሰጠሁት። ባልሰጠው ኖሮ ዛሬ የጥርስ ሐኪም ሆኖ እኔን በተወኝ ነበር።

ቦርዱ ድምፅ የሚሰጠው ኤፕሪል 29 ነው። አምስት ሰዎች ናቸው። ሁለቱ ከእኔ ጋር፣ ሁለቱ ከዱዌይን ጋር። አምስተኛው ሊቀመንበሩ ግሌን ስትራውድ ነው፤ እሱ ወዴት እንደሚያዘነብል ራሱም ገና አያውቅም።

እኔ እንደሆነ ግድ የለኝም። ጡረታ ወጥቼ ቲማቲሜን እተክላለሁ።

ረቡዕ፣ ማርች 6

ቸኩያለሁ። የሰባተኛዎቹ ፈተና። አንዱ "አብዮት ምን ማለት ነው?" ለሚለው "ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ሲናደድ" ብሏል። ሙሉ ማርክ።

ክፍሌ ውስጥ ያለውን ትልቁን ካርታ ጠቅልዬ ወደ ቤት አመጣሁት። ባሌ ሮይ "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አለኝ። አቧራ ይዞት ነው አልኩት። ያመነኝ አይመስለኝም፤ ግን ቤዝቦሉ ስለጀመረ ተወኝ።

እሑድ፣ ማርች 10

ከቤተክርስቲያን ስንወጣ ግሌንን አደባባዩ ላይ አየሁት። የሐውልቱን እግር በመሐረቡ ይወለውል ነበር። የቅድመ አያቱን፣ የካፒቴን ኢላይሁ ስትራውድን። ከተማችን ስትራውድስ ሚል የተባለችው በእሱ ነው፤ ወፍጮውን የተከለው፣ ከዚያም በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ ጎራዴውን መዝዞ ጆርጂያ ድረስ የዘመተው እሱ ነው። እንዲህ ነው የሚባለው። ሐውልቱም ጎራዴውን መዝዞ የቆመው ለዚህ ነው፣ እርግቦቹም የሚያርፉበት ጎራዴው ላይ ነው።

ግሌን በየዓመቱ ለሞቱ ወታደሮች በሚደረገው የመታሰቢያ ቀን እዚያ ሥር ቆሞ ንግግር ያደርጋል። ቃል በቃል አንድ ዓይነት ነው፣ አብረን የተማርን ሁሉ በቃላችን እናውቀዋለን። ባለፈው ዓመት ግን "ካፒቴኑ የጥይት በረዶ እየወረደበት..." ሲል አንድ ሰው ሳቀ። ኮቷን አፏ ላይ አድርጋ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። ኦፓል ናት። የገዛ እናቱ! ዘጠና ዓመት ያለፋት ሴት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆና እንደ ትንሽ ልጅ ስትንከተከት ከእኔ በቀር ማንም ያስተዋለ አይመስለኝም።

ለምን ሳቀች? ዓመቱን ሙሉ አሳክኮኛል።

ሐሙስ፣ ማርች 14

ለስምንተኛዎቹ የቤት ሥራ ሰጠሁ። "ከቤተሰባችሁ በዕድሜ ትልቁን ሰው ስለ ከተማችን አንድ መጽሐፍ ውስጥ የሌለ ነገር ጠይቁ።" በቃ ይኸው ነው። ማንኛውም የታሪክ አስተማሪ የሚሰጠው የቤት ሥራ ነው፤ ዋሽንግተን ድረስ ወስደው ቢያስመረምሩት ንጹሕ ነው።

የግሌን የልጅ ልጅ ኮልቢ እኔው ክፍል ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጫማውን የማያስር። ሲወጣ በሩ ላይ "ቅድመ አያትህ ኦፓል ደህና ናት?" አልኩት።

"ደህና ናት፣ ሚስስ ብሬነር። መጦሪያው ውስጥ ሰውን ሁሉ በካርታ ጨዋታ ትበላለች።"

"ጎበዝ! የማስታወስ ችሎታዋ ድሮም የታወቀ ነው" አልኩት። ስለ ካፒቴኑ ጠይቃት አላልኩም። እንዲያው ስለ ማስታወስ ችሎታዋ ነው ያወራሁት። ልዩነት አለው።

ረቡዕ፣ ማርች 20

ጉዴ ፈላ።

የፓስተሩ ልጅ አያቷን ጠይቃ የቤተክርስቲያናችን ደወል ከጎረቤት ከተማ በሌሊት በጋሪ የተሰረቀ መሆኑን ጽፋ መጣች። በየዓመቱ በዓውደ ርዕይ አንደኛ የሚወጣው የሚስስ ቱትል የፖም ኬክ ደግሞ ከሱቅ ካርቶን የሚወጣ ነው፤ ይህን ያጋለጠችው የገዛ እህቷ ናት። የከተማው ሰው የፌስቡክ ገጽ በእሳት ተያይዟል።

ዱዌይን ኮሪደር ላይ ያዘኝ። "ሚስስ ብሬነር፣ የወላጅ ኢሜይል ጎርፎብኛል። ምን ዓይነት የቤት ሥራ ነው የሰጡት?"

"አረጋውያንን ማክበር" አልኩት።

"የኬኩ ነገር እንዴት ታሪክ ይሆናል?"

"ለሚስስ ቱትል የዛሬ ታሪኳ ነው።"

ጠረጴዛዬ ላይ ሁሉም ወረቀት አለ። የኮልቢ ብቻ የለም። ስጠይቀው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ "ነግራኛለች፤ ግን መጻፍ አልፈልግም" አለኝ። ልቤ ድው ድው አለ። ግድ የለም፣ ስትፈልግ ትነግረኛለህ አልኩት፣ እንደ ትልቅ ሰው።

ካርታውን መልሼ ሰቀልኩት። ባዶው ግድግዳ ያስጠላል፣ ለሌላ አይደለም።

ማክሰኞ፣ ማርች 26

ደወሉ ተደውሎ ሁሉም ሲወጡ ኮልቢ ቀረ። ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ ቆመ።

"ልንገርዎት?"

"ካልፈለግክ አትንገረኝ" አልኩት፣ በሩን እየዘጋሁ።

"ጦርነት አልሄደም።"

"ማን?"

"ካፒቴኑ። ለጦርነቱ ዕጣ ወጣበት፤ ግን ወፍጮውን ትቶ መሄድ አልፈለገም። እርሻው ላይ የሚሠራ አንድ ልጅ ነበር፣ ከኖርዌይ የመጣ። ገንዘብ ሰጥቶ በእሱ ፈንታ ላከው። ልጁ ጆርጂያ ሄዶ በዚያው ሞተ። ኦፓል አያቴ ሙሽራ ሆና ስትመጣ አማቷ ናት የነገረቻት። 'ለወንዶቹ እንዳትነግሪ፣ ይከፋቸዋል' አለቻት።"

በዚያ ዘመን ሕጉ ይፈቅድ ነበር። ያለው ሰው ምትክ ቀጥሮ ያዘምታል፤ ይህን በየዓመቱ አስተምራለሁ። አንድም ተማሪ ግን ከገዛ ቤቱ ይዞልኝ መጥቶ አያውቅም።

"ታዲያ ካፒቴን የተባለው በምኑ ነው?"

"የእሳት አደጋ ቡድን አለቃ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ። ሁለት ባልዲና አንድ በቅሎ ነበራቸው አለችኝ።"

ሳቄን ዋጥኩት ብል ውሸት ነው፤ በአፍንጫዬ ወጣ። ሐውልቱ ጎራዴውን ትቶ ባልዲ ይዞ ታየኝ። ኮልቢ ግን አልሳቀም።

"የልጁ ስም ማን ነበር አልኳት። ማንም አልነገረኝም አለች። ሚስስ ብሬነር፣ እንዴት ስሙን ማንም አይጠይቅም?"

ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም። ወደ ቤት እየዘፈንኩ ነዳሁ። ግሌን ስትራውድ፣ የባልዲ ዘር! ግማሽ መንገድ ላይ ደግሞ የልጁ ፊት መጣብኝና ዘፈኑ አፌ ላይ ቀረ። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። አያቱን ይወዳል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ዓሣ ያጠምዳሉ። ምን ነካሽ፣ ቨርና? ኦፓልን ራስሽ ሄደሽ መጠየቅ አቅቶሽ ነው?

ዓርብ፣ ኤፕሪል 5

የሰም ሙዚየሙ ድልድል ዛሬ ሆነ። በየዓመቱ በኤፕሪል ማብቂያ ስምንተኛዎቹ እያንዳንዳቸው የታሪክ ሰው መስለው ጂምናዚየሙ ውስጥ እንደ ሰም ሐውልት ደርቀው ይቆማሉ። እግራቸው ሥር ቀይ ክብ ወረቀት ይለጠፋል። ወላጅ መጥቶ ቀዩን ነጥብ ሲረግጥ ሐውልቱ ነፍስ ይዘራና "እኔ እገሌ ነኝ" ብሎ ታሪኩን ይናገራል፣ ሲጨርስ መልሶ ይደርቃል። ከተዘጋጀው ውጭ ቃል መተንፈስ ክልክል ነው። ከተማው አንድ ሰው ሳይቀር ይመጣል።

ዘንድሮም ሦስት ሊንከን አለኝ። ኮፍያው አንድ ነው።

ደንቤ አልተለወጠም፤ ጉልበታችሁን ወጥራችሁ አትቁሙ፣ ደም ቆሞ ትወድቃላችሁ። ዱዌይን በጊዜው ይህን አልሰማ ብሎ ኬኩ ላይ ወድቋል። ይህንንም ለልጆቹ በየዓመቱ እነግራቸዋለሁ። ርዕሰ መምህራቸው ከሆነ ወዲህ ደግሞ ትንሽ አስረዝመዋለሁ።

ካፒቴኑን የሚሆን ሁልጊዜ ከስትራውድ ቤት ልጅ ነው። ለካፒቴኑ የሚለበሰው ሰማያዊ ኮት ግሌን የትራክተር መሸጫ ሱቅ መስኮት ላይ ተሰቅሎ ይኖራል። ግሌን ራሱ ለብሶታል፣ ልጁም ለብሶታል። ዛሬ ስም ስጠራ ኮልቢ "ካፒቴኑን አልሆንም" አለ።

"ማንን ትሆናለህ?"

"ገና እያሰብኩ ነው።"

አስብበት አልኩት። በሆዴ እሰይ የእኔ አንበሳ እያልኩ።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 12

ግሌን ክፍሌ ድረስ መጣ። ኮፍያውን እጁ ላይ እያሽከረከረ የግድግዳውን ካርታ ትንሽ አየ።

"ቨርና፣ ልጁ ኮቱን አልለብስም ይላል። ምን አስተማርሽው?"

"መጠየቅ።"

"ኧረ ተይኝ! ሙሉ ከተማው አብዷል፤ ፓስተሩ ደወሉን ይመልስ አይመልስ በሚል ስብሰባ ተቀምጧል። ሰውን እርስ በርስ አባልተሽ አንቺ እዚህ ጠመኔሽን ታሺያለሽ።"

"እኔ የቤት ሥራ ነው የሰጠሁት፣ ግሌን።"

"ድሮም እንዲህ ነበርሽ። እሳቱን ለኩሰሽ 'ጭስ ሸተተኝ' ማለት።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስሚኝ። እናቴ ከእንግዲህ ስንት የሰም ሙዚየም ታያለች? ልጁ በዚያ ኮት ሲቆም ትየው። ዱዌይን ስለ ማሽኑ ጆሮዬን እያደነቆረኝ ነው፤ እኔ ግን ገና አልወሰንኩም። ልጁ ኮቱን ከለበሰ ሌላ ሌላውን መነጋገር አያቅተንም።"

ገባኝ። እንኳን እኔ፣ በሩ ላይ ያለው ኮት መስቀያም ይገባዋል።

"አያለሁ" አልኩት። አያለሁ! እምቢ ማለት የት ጠፋብኝ? ለነጻነት የተዋጉትን ሁሉ ስም በየዓመቱ ለልጆች አስሸመድዳለሁ፤ ለእኔ ሲደርስ አያለሁ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 16

ሁለት ቀን እንቅልፍ አላየሁም። ለአንድ ምሽት ነው፣ ኮት ነው፣ ማንንም አይገድልም። ክፍሌ ይተርፋል። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ሰላሳ ልጅ ማዳመጫ ደፍቶ ከሚደርቅ፣ አንድ ልጅ ለአንድ ምሽት ኮት ለብሶ ይድረቅ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ።

ዛሬ በምሳ ሰዓት ኮልቢን ጠራሁት። ትሪው ላይ ድንቹ ቀዝቅዟል።

"ኮልቢ፣ ካፒቴኑን ብትሆን ምን ይመስልሃል? አያትህ ደስ ይለዋል።"

ቀና ብሎ አየኝ። "እርስዎም?" አለኝ።

ይህችን አንዲት ቃል እስካሁን አልዋጥኳትም።

"እኔም ምን?"

"ምንም።" ድንቹን በሹካው ገፋ ገፋ አደረገ። "እሺ። እለብሳለሁ። ግን ንግግሩን ራሴ ነው የምጽፈው።"

"ንግግሩን ማንም ተማሪ ራሱ ነው የሚጽፈው" አልኩት። እውነት ነው፤ ደንቡ ነው። አሳየኝ ሳልለው ወጣሁ። ለምን እንዳላልኩት እንጃ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 25

ጂምናዚየሙን እያሰናዳን ነው። ቴፕ አለቀ። ባንዲራ ሰፊዋን ቤትሲ ሮስን የምትሆነው ልጅ መርፌዋ ላይ ተቀመጠች። ሁለቱ ሊንከኖች በኮፍያው ተጣሉ፤ በዕጣ ይሁን አልኩ፣ ሦስተኛው ሊንከን ግን ዕጣ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም አለ።

ሁሉም ቀይ ነጥቡን ከእኔ ወሰደ። ኮልቢ ወስዶ ተመለሰ።

"አንድ ሌላ ይሰጡኛል?"

"ለምን?"

"ቢቀደድ።"

መቀሱን አንስቼ ሌላ ቆረጥኩለት። ቆንጆ ክብ፣ ከመጀመሪያው ይልቅ ተጠንቅቄ። ምን ልታደርግበት ነው አላልኩትም። አስተማሪ ሁሉን አይጠይቅም።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 26

ከየት ልጀምር?

ጂምናዚየሙ ጢም ብሎ ነበር። ሊንከኖቹ ጎን ለጎን ደርቀዋል፤ የመሃለኛው ጢም ሎሚናት ውስጥ ወድቆ ነበርና ተንጠባጥቦ አላለቀም። ዱዌይን ኬኩን በአካሉ ከልሎ ቆሟል፣ የሚወድቅ ልጅ የሚጠብቅ ይመስላል። ግሌን ከረባቱን አስሮ፣ የእናቱን ተሽከርካሪ ወንበር ራሱ እየገፋ ገባ። የሰፈሩ ጋዜጣ ፎቶ አንሺ ከኋላው።

ኮልቢ ሰማያዊውን ኮት ለብሷል። እጅጌው ጣቶቹን ውጧል። ጎራዴ የለውም። ደርቆ ቆሟል፤ ጉልበቱን አልወጠረም፣ አየሁት። ከአጠገቡ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ፣ ማንም ያልቆመበት ቦታ አለ። መሬቱ ላይ ያ በጥንቃቄ የቆረጥኩት ቀይ ነጥብ ተለጥፏል።

ያኔ ገባኝ። እስከዚያ አልገባኝም ነበር ማለቴ ነው፣ ያኔ ነው የገባኝ።

ግሌን ለፎቶው ፈገግ ብሎ የኮልቢን ነጥብ ረገጠ።

"እኔ ኢላይሁ ስትራውድ ነኝ" አለ ኮልቢ። ድምፁ መጀመሪያ ቀጥኖ ነበር፣ ከዚያ ተስተካከለ። "ይህችን ከተማ የመሠረትኩ፣ ወፍጮዋንም የተከልኩ እኔ ነኝ። የእሳት አደጋ ቡድናችን ካፒቴን ነበርኩ። ሁለት ባልዲና አንድ በቅሎ ነበረን። ወደ ጦርነቱ ግን አልሄድኩም። በእኔ ፈንታ የሄደው አጠገቤ ያለው ነው። ስለ ጦርነቱ ለማወቅ እባክዎ የእሱን ነጥብ ይርገጡ።" ብሎ ደረቀ።

የግሌን ፈገግታ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ምን እንደሚያደርግበት ጨነቀው። "ኮልቢ" አለ ዝቅ ብሎ። ሰም አይመልስም። እንደገና ነጥቡን ረገጠ። ኮልቢ ከ"እኔ ኢላይሁ ስትራውድ ነኝ" ጀምሮ ባልዲዎቹንም በቅሎዋንም ሳያስቀር አንድ ቃል ሳያዛንፍ ደገመለት። አሁን ደግሞ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሰማ። ከኋላ አንዱ በአፍንጫው ሳቀ። እኔ አይደለሁም። ዛሬስ አልሳቅኩም።

ግሌን ወደ ባዶው ቦታ ዞረ። ዙሪያውን አየ፣ የሚሸሽበት የለም። በቀስታ፣ በጫማው ጫፍ፣ ቀዩን ነጥብ ነካ አደረገው።

ዝም።

"ማንም የለም እኮ" አለ።

"ጠንከር አድርገህ ርገጠው፣ ግሌን" አለች ኦፓል ከወንበሯ።

ረገጠው። በሙሉ እግሩ። ቆሞ ጠበቀ። ሕዝቡ ሁሉ አብሮት ጠበቀ፤ ሎሚናት የሚቀዳውም መቅዳቱን አቆመ። አንዲት ትንሽ ልጅ እናቷን "ለምን አይናገርም?" ስትል ተሰማ። የመሃለኛው ሊንከን "ኧረ ጉድ" አለ። ሰም መናገሩ ደንብ መጣስ ነው፤ ማርክ አልቀነስኩበትም።

ግሌን የእናቱን ወንበር እየገፋ ወጣ። እኔን ቀና ብሎ አላየኝም። ሰዉ ግን አልሄደም። እየተሰለፈ ያን ባዶ ቦታ ይረግጥ ጀመር። ረግጦ፣ ጠብቆ፣ ለሚቀጥለው ይለቃል። ሚስስ ቱትል ሁለት ጊዜ ረገጠች።

በኋላ ኮልቢ ኮቱን አጣጥፎ ሰጠኝ። አለቀሰ። አቀፍኩት። ይቅርታ ልለው ነበር፤ ጉልበትህን አልወጠርክም፣ ጎበዝ አልኩት።

ቤት ገብቼ ለሮይ እንዲህ አልኩት፤ "ወረቀቱን ቆረጥኩለት እንጂ ምን እንደሚያደርግበት አላውቅም ነበር።" ሮይ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ሳቀብኝ።

እንግዲህ ክፍሌን በአንድ ወረቀት ሸጥኩት። ቢሆንም ደስ ብሎኛል። ምን ላድርግ፣ ደስ ብሎኛል! ከዚያ ግን አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ሰኞን አሰብኩት። ቲማቲም አልወድም። ወድጄም አላውቅም።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 29

የቦርዱ ስብሰባ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነበር። ወንበር አልበቃ ብሎ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ግሌን መሃል ተቀምጧል፣ እንደተጣላ ሰው። ኮልቢ ከእናቱ ጋር መጨረሻ ረድፍ።

ዱዌይን ማሽኑን በትልቁ ስክሪን አሳየ። ይጠየቃል፣ ይመልሳል፣ ይናገራል፤ ድምፁ ከእኔ ይጣፍጣል፣ አልዋሽም። ከዚያ ዱዌይን፣ ዓርብ ኬኩን ሲጠብቅ ምንም ያልሰማ ምስኪን፣ ሊቀመንበሩን ደስ ሊያሰኝ ብሎ "ስለ ራሳችን ከተማ እንጠይቀው" አለና ካፒቴን ስትራውድ በጦርነቱ ምን አደረገ ብሎ ጻፈ።

ማሽኑ ጉሮሮውን እንኳ ሳይጠርግ "ካፒቴን ኢላይሁ ስትራውድ የጥይት በረዶ እየወረደበት ጎራዴውን መዝዞ..." ብሎ ቀጠለ። የመታሰቢያ ቀኑ ንግግር፣ ቃል በቃል። አንዳንዱ ሰው አብሮ አነበነበው።

ግሌን ጆሮው ቀላ። "ይህን ከየት አመጣው?"

"ከ... ከከተማው ድረ ገጽ ነው፣ ሚስተር ስትራውድ" አለ ዱዌይን። "እርስዎ የጻፉት ነው።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፣ ግሌን ላይ ግን አልነበረም፤ ግማሹ ፍርሃት ነው። ግሌን እጁን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ።

"ሐሰት ነው በለው" አለ።

"ምን?"

"ለማሽኑ። ሐሰት ነው ብለህ ጻፍለት። እናቴ ናት የነገረችኝ። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ እሷ ዘንድ ነበርኩ።"

ዱዌይን ጻፈ። ማሽኑ በጣም ይቅርታ ጠየቀና ካፒቴን ስትራውድ የጥይት በረዶ እየወረደበት ጎራዴውን መዝዞ ብሎ እንደገና ጀመረ።

"ዝጋው" አለ ግሌን። ከዚያ ለሁላችንም "እኔ ስዋሽ የኖርኩትን ለእኔው መልሶ ለመንገር ነው ይህን ሁሉ ገመድ የምንዘረጋው?" አለ። ዋሸሁ አለ፣ በሰው ፊት፤ ግሌን ስትራውድ። ማንም አልሳቀም።

ድምፅ ተሰጠ። ሐሳቡን የምትቃወሙ እጃችሁን አውጡ ተባለ። ሁለት እጅ ወጣ። ከዚያ የግሌን።

ሲወጣ በአጠገቤ አለፈና "ደስ አይበልሽ፣ ቨርና" አለኝ። ደስ አላለኝም አልኩት፣ እንባዬን በእጅጌዬ እየጠረግኩ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 30

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ስምንተኛዎች። ገና ጠመኔ ሳነሳ በሩ ተከፈተና ግሌን ገባ። የሱቁን ኮፍያ አውልቆ ከኋላ ለልጅ የተሠራች ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ጉልበቱ ደረቱ ላይ ደረሰ። ክፍሉ እንደ ሰም ደረቀ። ኮልቢ ጆሮው ድረስ ቀላ፣ ግን ዞሮ ትንሽ ሳቀለት።

ትምህርቴን ቀጠልኩ። ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም።

"የልጁ ስም ማን ነበር?" አለ ግሌን በመሃል፣ ጮክ ብሎ።

"ሚስተር ስትራውድ" አልኩት፣ "እዚህ ክፍል መናገር የፈለገ ሰው እጁን ያወጣል።"

ግሌን መጀመሪያ እኔን አየ፣ ቀጥሎ ኮልቢን። ከዚያ እጁን አወጣ።

"አቤት፣ ሚስተር ስትራውድ።"

"ስሙ... የሄደው ልጅ። ስሙ ማን ነበር? እናቴ አታውቅም። ማንም አያውቅም።"

"እኔም አላውቅም" አልኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ ቆሜ ይህን እንደዛሬ ደስ እያለኝ ተናግሬ አላውቅም። ወደ ክፍሉ ዞርኩና "ማን ይፈልግልናል?" አልኳቸው።

ክፍሉ በሙሉ እጁን አወጣ። ግሌን የራሱን ገና አላወረደም ነበር።